አይጥ የማታልፍበት ክምር

ክሌም ፕሮበርት የከመረውን እንጨት ለማየት መኪና የሚያቆሙ ሰዎች ነበሩ። ከቴም ወንዝ ማዶ ወደ መንደራችን ወደ ሆልትሌይ የሚያስገባው መንገድ የሚያልፈው በግቢው ሥር ነው። ፍልጡ ከመሬት ተነስቶ እስከ ሰው ቁመት፣ ጫፍ ለጫፍ ተስተካክሎ፣ አንዱ የሌላውን ክፍተት ሞልቶ፣ ጥሩ ግንበኛ ያቆመው የድንጋይ ግንብ ይመስላል። ከላይ ጥቁር ሸራ ይለብሳል፤ የሸራው ጠርዝ እንደ አልጋ ልብስ ዙሪያውን ከሥር ይጠቀጠቃል። ክሌም፣ "አይጥ አታልፍበትም" ይላል። ሲናገረው ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም፤ ግን በየዓመቱ ይናገረዋል።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ። የእሱን ግቢና የእኛን እርሻ የሚለየው አንድ የቁጥቋጦ አጥር ነው። ባለቤቴ ሌነርድ በሕይወት ሳለ ሁለቱ በአጥሩ በር ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው ስለ ዝናብ ይጨዋወቱ ነበር። ሁለቱም ቃል የማያባክኑ ስለነበሩ ትንሿ ወሬ ብዙ ሰዓት ትፈጅባቸው ነበር።

የክሌም አባትም እንጨት ሻጭ ነበር። ልጁ ገና ከትምህርት ቤት ሳይወጣ መጋዝ ያዘ፤ አሁን ስልሳዎቹን አጋምሶ ጉልበቱ ሲታጠፍ ይሰማል። ደንበኞቹ እንደ እኔ ያሉ ናቸው፤ ጠባብ ጓሮ ያላቸው፣ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ አንድ ሙሉ ጭነት የሚያስቀምጡበት ስፍራ የሌላቸው አሮጊቶችና ሽማግሌዎች። ለእነሱ ትንሽ ትንሽ እያደረገ በተጎታቹ ያመላልስላቸዋል። ወገባቸው ለማይታዘዝላቸው የምድጃቸውን አመድ ጠርጎ የሚሄድበት ቀንም አለ።

በእኛ አካባቢ አንድ ልማድ አለ። ማን እንደ ጀመረው የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ቅጠል ሲረግፍና የመጀመሪያው ብርድ ሲመጣ፣ እንጨት ሻጩ የዓመቱን የመጀመሪያ ጭነት የሚወስደው በዚያ ዓመት ሰው ወደ ሞተበት ቤት ነው። ዋጋ አይነሳም። በር አያንኳኳም፤ ሐዘንተኛውም አይወጣም። በጓሮ ገብቶ ይከምርና ይሄዳል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው የሚያውቀው የእንጨቱን ድምፅ ሲሰማ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሌነርድ በሞተ ዓመት እኔም ወጥ ቤት ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። ሲያልቅ ተነስቼ ሻይ አፈላሁ። ለአንድ ሰው ሻይ ማፍላት የለመድኩት ያን ቀን ነው።

የመንግሥት የማገዶ ደንብ የመጣው ከዚያ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። የእርጥብ እንጨት ጭስ ሳንባ እየጎዳ ነው ተባለ። በትንሽ በትንሹ የሚሸጥ ማገዶ ደረቅ መሆን አለበት፤ በውስጡ ያለው እርጥበት ከሃያ በመቶ እንዳይበልጥ፤ ይህንንም መርማሪ መጥቶ ያረጋግጥ፤ ያለፈውም ምልክት ይሰጠው ተባለ። በትልቅ ጭነት የሚገዛ ሰው እርጥቡን ወስዶ ራሱ ሊያደርቅ ይችላል። ለትንንሽ ነጋዴዎች ጥቂት ጊዜ ተሰጣቸው። ጊዜው የሚያልቀው ግንቦት ላይ ነበር።

ወሬው ሲሰማ እሁድ ምሳ በዴስ መጠጥ ቤት ነበርን። ዴስ የቤቱ ባለቤት ነው፤ ሥጋውን ሲቆርጥ እንኳ ምላሱ አያርፍም።

"ክሌም፣ ሰማህ? ከእንግዲህ እንጨትህ ፈተና ሊቀመጥ ነው አሉ።"

"ይቀመጣ።" ክሌም ድንቹን መብላት ቀጠለ።

"ማን ሊያስጠናው ነው? አንተ እንደሆንክ ከትምህርት ቤት በመስኮት ነው የወጣኸው።"

"እኔ እንጨትን በጆሮዬ ነው የማውቀው።" ክሌም ተነስቶ ከምድጃው አጠገብ ሁለት ፍልጥ አነሳና አጋጫቸው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጡ። "ሰማህ? እንዲህ ሲል ደርቋል። መርማሪውም ጆሮ ይኖረዋል።"

"እሱ እሳት ዳር ሲሞቅ የከረመ እንጨት ነው! እኔም እዚያ ብከርም እንደዚያ እጮኻለሁ። ባለፈው ያመጣህልኝ የኦክ እንጨት ግን፣ እውነቴን ነው ወዳጄ፣ ምድጃ ውስጥ ሲያፏጭ ነው የሚያመሸው። እንግዶቹ ማን ነው የሚያፏጨው እያሉ ዞር ዞር ይላሉ።"

ሰው ሳቀ። የክሌም ሚስት ማቪስም ሳቀች። ክሌም አልሳቀም፤ ፍልጦቹን እንደነበሩ አድርጎ፣ ጫፋቸውን አስተካክሎ አስቀመጣቸው።

የኦክ ነገር እውነት ነበር። ክሌምና አባቱ ዕድሜ ልካቸውን የሸጡት አሽ የሚባለውን ዛፍ ነው። አሽ ደግ እንጨት ነው፤ ገና ሲቆረጥም ውሃው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ የባለቤቱን ስህተት ይሸፍናል። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት አንድ በሽታ ገብቶ አሽን ከጫፉ ጀምሮ አደረቀው። ለጥቂት ጊዜ የሚቆረጠው በሽተኛ ዛፍ ስለበዛ ለክሌም ሥራ ሞላ። ከዚያ አለቀ። ግቢውን የሞላው ኦክ ሆነ፤ ኦክ ደግሞ ውሃውን አጥብቆ የሚይዝ፣ ማንንም የማይታዘዝ እንጨት ነው። ክሌም ግን እንደ አሽ አድርጎ፣ በዚያው ወር ፈልጦ፣ በዚያው እጅ ከምሮ፣ በዚያው ሸራ ጠቅጥቆ አስቀመጠው። ሌላ አሠራር አያውቅም ነበር።

ማቪስ የእርጥበት መለኪያ ገዛችለት። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው፤ ሁለት መርፌ አለው፤ መርፌውን እንጨቱ ላይ ሲወጉት ቁጥር ያሳያል። አንድ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ሲጯጯሁ ሰማሁና ወጣሁ።

"አሥራ ሰባት!" አለች ማቪስ። "እዚህም አሥራ ሰባት! ኦድሪ፣ ነይ እዪልኝ፣ ባሌ ሊቅ ሆኗል።"

ክሌም በክምሩ ፊት ለፊት እየተራመደ የፍልጡን ጫፍ ጫፍ ይወጋል። "ለዚህ መሣሪያ ገንዘብ አወጣሽ። ጆሮዬን ብትጠይቂኝ በነጻ እነግርሽ ነበር።"

"ጆሮህን ብጠይቀውማ እኔንም አይሰማኝ።"

በዚያው ሳምንት መርማሪ እንዲመጣለት ጠየቀ።

የመጣችው ሻርሎት ፋሮው የምትባል ሴት ናት። ከመኪናዋ ስትወርድ ጫማዋን አውልቃ የጭቃ ቦቲ አደረገች፤ ያን ጊዜ ማቪስ ወደ እኔ ዞር ብላ "ደህና ሰው ናት" አለችኝ። ክምሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞራ አየችው።

"አቶ ፕሮበርት፣ ይህን እርስዎ ብቻዎን ነው የከመሩት?"

"ሌላ ማን ይነካዋል።"

"ከመሃል አንድ ያውጡልኝ።"

ክሌም ከመሃል አንዱን ሊስብ ሞከረ፤ አልወጣም። በመዶሻ ከጎን እየመታ ነው ያላቀቀው። ወስዶ ሰጣት።

"እባክዎን ይፍለጡልኝ።"

"ተፈልጧል እኮ።"

"አዎ፣ ግን ውስጡን ማየት አለብኝ። ዳሩን ፀሐይም ነፋስም ይነካዋል፤ እውነቱን አይናገርም።"

ክሌም መጥረቢያውን አነሳ። አንድ ጊዜ ነው የመታው። እንጨቱ ሲከፈት ውስጡ ጠቆር ያለ ነበር፤ ሽታውም እኔ ከቆምኩበት ደረሰኝ፤ የጎምዛዛ ነገር ሽታ። መርማሪዋ መርፌውን አዲሱ ገጽ ላይ አሳረፈች። ሠላሳ አንድ አለ። ሌላ አወጣ፤ ሃያ ዘጠኝ። ሌላ፤ እንደገና ሠላሳ አንድ። ከዚያ ሸራውን ገለጠችው። ከውስጥ በኩል የውሃ ጠብታ ሞልቶት ነበር፤ እንደ ድስት ክዳን።

ክሌም መጥረቢያውን መሬት ላይ አስደገፈ።

"እንዲህ ያማረ ክምር አይቼ አላውቅም" አለች ሴትዮዋ። ልታጽናናው አልነበረም፤ የምታየውን ነው የተናገረችው። "ችግሩም ይኸው ይመስለኛል። ነፋስ የሚገባበት የለም። እስከ መስከረም መጨረሻ ካደረቁት ግን ተመልሼ እመጣለሁ። እስከዚያ በትልቅ ጭነት መሸጥ ይችላሉ፤ ገዢው ያደርቀዋል።"

"ደንበኞቼ ትልቅ ጭነት የት ያስቀምጣሉ? አልጋቸው ላይ?"

"ይገባኛል" አለች። እንደገባትም ታስታውቃለች። ግን ምልክቱን አልሰጠችውም።

ከዚያ በኋላ ክሌም ለብዙ ቀን ከግቢው ድምፅ አላሰማም። መጋዙም አልጮኸም። አንድ ከሰዓት በኋላ በአጥሩ በር ላይ ክንዱን አስደግፎ አገኘሁት፤ ሌነርድ ይቆምበት ከነበረው ጎን ትይዩ፣ እንደ ድሮው። እኔ በሌነርድ ቦታ ቆምኩ።

"ግቢውን የሚፈልግ ሰው አለ" አለ። "ከባሕር ማዶ ደረቅ እንጨት የሚያስመጣ። በትልቅ መኪና ያራግፍበታል።"

"አንተስ?"

"እኔ አረጀሁ።"

"ትናንት ነው ያረጀኸው?"

የበሩን እንጨት በጥፍሩ ፋቀ። "የቢል ሊልዎል ነገር ነው የከበደኝ።"

ቢል በዚያ ዓመት በመጋቢት የሞተ የመንደራችን ሰው ነው። ሚስቱ ፔግ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ብቻዋን ቀርታለች። ጥቅምት ሲገባ የመጀመሪያው ጭነት የሚሄደው ለእሷ ነበር።

"ለፔግ እኮ አትሸጥላትም። ለስጦታ ደንብ የለውም" አልኩት።

"ኦድሪ፣ እሱን አውቃለሁ። ሠላሳ አንድ የሚል እንጨት ግን ለሐዘንተኛ አልወስድም። ማታ ብቻዋን ተቀምጣ ሲያፏጭባት?" ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "ለአንቺ ያመጣሁት አሽ ነበር፤ አይደል? አላፏጨም?"

"አላፏጨም" አልኩት። እውነቴን ነው፤ አሽ ነበር።

ከኋላዬ፣ ከግቢያችን ጫፍ፣ የማድረቂያ ቤቱ ቆሟል። ቤተሰባችን ለቢራ የሚሆነውን ጌሾ ያመርት ነበር፤ በየመስከረሙ ለቀማው ሲያበቃ የምናደርቀው እዚያ ነው። ክብ የጡብ ግንብ ነው። ላይኛው ወለሉ ርብራብ ነው፤ ከሥር የሚነሳው አየርና ሙቀት በርብራቡ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ነፋስ የሚያዞረው ነጭ የእንጨት ቆብ አለ፤ እርጥበቱ በዚያ ይወጣል። ሌነርድ ከሞተ ወዲህ አልተከፈተም። ቆቡም መዞሪያው ዝጎ ወደ ምሥራቅ እንዳየ ቀርቷል። መኖሪያ ቤት ሊያደርጉት የፈለጉ ሰዎች መጥተው ነበር፤ እንቢ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ማድረቂያ ቤቱ የሚያነሳብኝ የለም። ክሌም ግቢውን ሸጦ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ነበር እንጂ አፉን ከፍቶ እንደማይጠይቀኝ አውቃለሁ።

"የማድረቂያ ቤቱን ወለል ታስታውሰዋለህ?" አልኩት።

"አስታውሳለሁ።"

"ባዶ ነው።"

"ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

ግንቡን ነው ያየው እንጂ እኔን አላየኝም። "ኦድሪ፣ እሱ የሌነርድ ነው።"

"ሌነርድ ለእርጥብ ነገር ትዕግሥት አልነበረውም።"

በማግሥቱ በሩን ከፈትነው። መቆለፊያው ስለዛገ ክሌም በዘይት አራሰው። ሽታው እንዳለ ነበር፤ የጌሾው መራራ ሽታ ከጡቡ አልወጣም። የሌነርድ የጌሾ ማገላበጫ፣ ጨርቅ የለበሰ ሰፊ አካፋ፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የሥራ ኮቱም ከጎኑ ምስማር ላይ ነበር። ክሌም አየውና ቀዳዳ የሚፈልግ ይመስል ጣሪያውን መመልከት ጀመረ። ኮቱን አውርጄ ወደ ቤት ወሰድኩት። ስመለስ ወለሉን እየጠረገ ነበር።

ዴስ መሰላል ተሸክሞ መጣ። በልጅነቱ ለአባቴ ጌሾ የለቀመ ሰው ስለሆነ ቆቡን አውቃለሁ ብሎ ወጣ። ግሪስ ቀባው፤ በእግሩ መታው፤ የሰደበውን ስድብ መንደሩ ሁሉ ሰማው።

"ዴስ፣ ዛሬ እሁድ ነው!" ማቪስ ከታች ጮኸች።

"እግዚአብሔርም ይህን ቆብ ቢያየው እንዲሁ ይለዋል!"

ቆቡ ተንቋቋ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ዞረ። ያን ዕለት ማታ ዕቃ ሳጥብ በመስኮቴ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሮ አየሁት። ሳህኑን ይዤ ትንሽ ቆምኩ።

ክሌም እንጨቱን ከበፊቱ ቀጠን አድርጎ እንደገና ፈለጠው፤ እያንዳንዷን ፍልጥ ለሁለት። በተጎታቹ አመላለሰው። ላይኛው ወለል ላይ ሲከምር አንድም ሰው እንዲረዳው አልፈቀደም። ሲጨርስ ጠራን። ወለሉን የሸፈነ፣ ከግንቡ ክብ ጋር ራሱን ያዞረ፣ እንደ ተሰፋ ልብስ የገጠመ ክምር ነበር። ከሠራው ሁሉ የበለጠው ያ ሳይሆን አይቀርም። ቆመን አደነቅንለት። እኔም አደነቅሁ፤ አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከመሃል አንድ አውጥቶ ፈለጠ። ሃያ ስምንት። ሌላው ሠላሳ። ክሌም መለኪያውን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ።

"ለዚያ ሰውዬ ልደውልለት ነው" አለ። "ለግቢው።"

እኔ ወለሉ ላይ ቆሜ ነበር። ከሥር ያለው የአየር መግቢያ ክፍት ነው፤ ከላይ ቆቡ ይዞራል፤ ግን እግሬ ላይ አንዳች ነፋስ አይሰማኝም። በጌሾው ጊዜ በዚያ ርብራብ ላይ የቆመች ሴት ቀሚሷን መያዝ ነበረባት። ከዚያ የሌነርድ ጩኸት ትዝ አለኝ። ሌነርድ የሚጮህ ሰው አልነበረም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ግን፣ ጌሾው ሲዘረጋ፣ አንዱ ሠራተኛ ሳያስበው ከረገጠው ወይም በእጁ ከጫነው፣ "አትጠቅጥቀው! ይተንፍስ!" ብሎ ግንቡን ያናጋው ነበር።

"ክሌም፣ አፍርሰው" አልኩ።

"ምኑን?"

"ክምሩን። ዝም ብለህ ወርውረው፤ እንደወደቀ ይውደቅ። ጌሾውን እንዲህ ብንጠቀጥቀው ኖሮ ይበሰብስብን ነበር።"

የማይሆን ነገር እንደተናገርኩ ሁሉ አየኝ። "እንጨት አይወረወርም።"

"ሴትዮዋም ነግራሃለች። ነፋስ የሚገባበት የለም አላለችህም?"

"የነገረችኝ ስለ ሸራው ነው።"

"ስለ ክምሩ ነው" አለች ማቪስ ከደረጃው። "እኔም ሰምቻለሁ። አንተ ደስ ያለህን ብቻ ነው የሰማኸው፤ ያማረ ነው ያለችህን።"

ክሌም እጁን ክምሩ ላይ አሳረፈ። ከፈረስ ጋር የሚሰነባበት ሰው ይመስል ነበር። "አባቴ እንዲህ ነው ያስተማረኝ። እንጨት የሚጥል ሰው ሥራውን አያከብርም ነበር የሚለኝ።"

"አባትህ አሽ ነበር የሚሸጠው" አልኩት።

"ክሌም ፕሮበርት" አለች ማቪስ፣ "ከተጋባን ጀምሮ ካልሲህን በየወለሉ ስትወረውር አንድ ቀን እጅህ ሲያመነታ አላየሁም። እንጨቱን ካልሲ ነው ብለህ አስበው።"

ክሌም አንዷን ፍልጥ ከላይ አነሳና ወደ ግድግዳው ወረወራት። ድምፁ ግንቡን ሞላው። እንደ ቅጣት ቆሞ አዳመጠው። ሁለተኛዋን ወረወረ። ከዚያ እኔም ማቪስም ገባንበት፤ አቧራው ተነስቶ ሦስታችንንም አሳለን፤ ማቪስ በየፍልጡ "ካልሲ! ካልሲ!" እያለች ትወረውራለች። ሲያልቅ ወለሉ ላይ የቀረው ሕንፃ የፈረሰበት ሜዳ የሚመስል ነገር ነበር። ቀሚሴ ግን ከሥር በነፋስ ተነሳ።

"ኧረ ቀሚስሽን ያዢ" አለ ክሌም፣ ፊቱን አዙሮ። ከመርማሪዋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

በጋው ደግ ሆኖ አልቀጠለም። በእኛ አገር የበጋ ወር የሆነው ሐምሌ ጥሩ ነበር፤ ቁጥሩ በየጊዜው እየወረደ ሄደ። ነሐሴ ላይ ዝናብ ያዘን፤ መለኪያውም ሃያ ሁለት ላይ ተቀመጠና አልነቃነቅ አለ። ክሌም በየጠዋቱ ሰማይ እያየ ይመጣል። ሰማዩ አይከፈትም። በመጨረሻ ከሥር ያለውን የድሮ እቶን ጠርገን፣ በቅርፊትና በስብርባሪ እንጨት ዝግ ያለ እሳት አነደድን። የቱ መስኮት መቼ እንደሚከፈት እኔ አውቃለሁ፤ ከሌነርድ ጋር ስንት መስከረም አብሬው ተቀምጬበታለሁ። ክሌም እሳቱን ይጠብቃል፣ እኔ መስኮቱን። ዳቦና አይብ፣ ኮምጣጤ ውስጥ የተቀመጠ ሽንኩርት ይዤ እወርዳለሁ፤ ማቪስ የፖም ጠጅ ታመጣለች። ብዙ አንነጋገርም ነበር። ከጭስ ማውጫው ጭስ ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ ግን ምን ሆናችሁ እያለ ይመጣል፤ ቁጭ ብሎም ይቆያል። ያ ግቢ እንደዚያ ሰው ካየ ቆይቶ ነበር።

ሻርሎት ፋሮው በመስከረም መጨረሻ፣ እንዳለችው መጣች። ቦቲዋን አደረገች። ደረጃውን ወጥታ የተበተነውን እንጨት ስታይ በሩ ላይ ቆመች።

"አቶ ፕሮበርት፣ ክምሩስ?"

"አፈረስኩት።"

"ልብዎን ሳያምዎት?"

"አመመኝ እንጂ።"

ከመሃልና ከሥር ራሷ መረጠች። በዚህ ጊዜ መዶሻ አላስፈለገም። ክሌም ፈለጠ፤ ሲከፈት የተሰማው ድምፅ ራሱ ሌላ ነበር። መርፌውን አሳረፈች። አሥራ ስምንት። ሁለተኛው አሥራ ዘጠኝ። ማቪስ የእኔን እጅ ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ተሰማኝ። ሦስተኛው፣ ከግድግዳው ሥር የወጣው፣ ሃያ ላይ ቆመ።

"ሃያ ምንድን ነው?" አለ ክሌም። "ወድቋል?"

"ሃያ ካልበለጠ አልፏል።"

"ለጥቂት ነዋ።"

"ለጥቂትም ቢሆን አልፏል፣ አቶ ፕሮበርት" አለችና እጇን ዘረጋችለት። ክሌም እጁን በሱሪው ጠርጎ ጨበጣት። ማቪስ ባሏን ልታቅፍ ስትሄድ መጥረቢያውን እንደያዘ ነበርና "አስቀምጠው አንተ ሰው!" ብላ ጮኸችበት።

ስትሄድ ሴትዮዋ ለሌሎች ነጋዴዎች ስለ ማድረቂያ ቤቱ ልትነግራቸው ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። በሸለቆው ውስጥ ባዶ የቆሙ እንዲህ ያሉ ግንቦች ሞልተዋል። ንገሪያቸው አልኳት። ግቢውን የፈለገው ሰውዬም ደውሎ ነበር፤ ማቪስ ናት ያነሳችው፤ ምን እንዳለችው አልነገረችንም።

ጥቅምት ገባ። የመጀመሪያው ውርጭ ሣሩን ነጭ ባደረገበት ጠዋት ፔግ ሊልዎል ቤት ሄድኩ። የዳቦ ኬክ ይዤላት ነበር። ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀመጥን። የቢል ወንበር ላይ ድመቷ ተኝታለች። የክሌም ተጎታች በጓሮ በኩል ሲገባ ሁለታችንም ሰማን። ፔግ እጇን በሻይ ስኒዋ ዙሪያ አድርጋ ጠበቀች፤ ያን የታወቀውን ቀጭ ቀጭ።

የመጣው ድምፅ ግን ሌላ ነበር። ኳ! ኳኳ! ዱብ! ድመቷ ከወንበሩ ዘላ ወረደች።

"ምን ሆኖ ነው?" አለች ፔግ። "ሰክሯል?"

"አልሰከረም።"

"እንዲህ አይደለም የሚከምረው። እኔ የክሌምን ክምር አላውቅም?" ተነሳች። ሐዘንተኛ አይወጣም፤ እሷ ግን የጓሮውን በር ከፈተችና ደፉ ላይ ቆመች። ክሌም ፍልጥ በእጁ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ከፊቱ ያለው ክምር አንዱ በአንዱ ላይ ተንጋዶ፣ በየመካከሉ ክፍተት ያለው፣ ከማዶ ያለው አጥር የሚታይበት ነበር።

"ክሌም፣ አመመህ እንዴ?"

"ደህና ነኝ፣ ፔግ።"

"ይኼማ ተንጋዷል።"

"መንጋደድ አለበት። ነፋስ እንዲገባው ነው።"

ፔግ ሻሏን ጠበቅ አድርጋ ክምሩን ቃኘችው። "ቢል ይህን ቢያይ ኖሮ ይኼ ሰውዬ በመጨረሻ እንደኛ ሆነ ይል ነበር" አለችና ሳቀች። ለራሷም ያልጠበቀችው ሳቅ መሰለኝ፤ አፏን በእጇ ያዘች። ክሌም መሬት መሬት አየ፤ ግን እሱም እየሳቀ ነበር።

"ግባ፣ ሻይ አለ" አለችው። ይህም ከልማዱ ውጭ ነው።

ከመግባቱ በፊት ወደ ክምሩ ዞር ሲል አየሁት። ከዳር አፈንግጣ የወጣች አንዲት ፍልጥ ነበረች። ሊታገሣት አልቻለም፤ በመዳፉ ገፋ አድርጎ ከሌሎቹ ጋር አስተካከላት። ትንሽ አያት። ከዚያ በጣቱ ይዞ መልሶ ጎተታትና፣ ቦቲውን ደፉ ላይ አውልቆ ገባ።